ነቁጥ ያጣ ጽሑፍ፦ ኮምፒዩተር የግእዝንና የዐረብኛን ፊደል እንዴት ለይቶ ያነባል?

መግቢያ

በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ዘመን የተገለበጡት ሙስሐፎች የፊደል ነቁጥም ሆነ ሐረካ እንዳልነበራቸው ይታወቃል። ባእ፣ ታእ፣ ሣእ፣ ኑንና ያእ በቃል መካከል ሲገቡ መልካቸው አንድ ዓይነት ጥርስ ብቻ ነበር። ለምሳሌ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አያህ ላይ ወሬን ስለ ማጣራት የታዘዘበት ቃል በሐፍስ ንባብ «ፈተበየኑ»፣ በሐምዛና በኪሳኢ ንባብ ደግሞ «ፈተሠበቱ» ይባላል፤ ነቁጥ የሌለው ረስም ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሁለቱን ንባቦች ጠብቆ ለእኛ ያደረሰልን ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈው ኢስናድ እንጂ የአንባቢ ግምት አይደለም። ኋላ ላይ በ69 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ የአናባቢ ነቁጦችን፣ ነስር ኢብን ዓሲምና የሕያ ኢብን የዕመር የፊደል መለያ ነቁጦችን፣ ኸሊል ኢብን አሕመድ ደግሞ ዛሬ የምናውቃቸውን የሐረካ ቅርጾች እንዳበጁ ይዘገባል። እነዚህ ሁሉ የተደከመባቸው የአንባቢው ዐይን እንዳይገምት ነው።

ይህን የምናነሣው በኮምፒዩተር የተጻፈ ጽሑፍ ሁሉ በተፈጥሮው ነቁጥ የሌለው ረስምን ስለሚመስል ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው የቁጥር ተራ ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ በየትኛው ሰንጠረዥ መሠረት ፊደል እንደሚሆኑ አንባቢው ፕሮግራም ካልተነገረው ይገምታል። ግምቱ ሲሳካ ማንም ልብ አይለውም፤ ሲስት ግን የኹጥባው ጽሑፍ፣ የተፍሲር ማስታወሻው ወይም የወቅፉ መዝገብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በቢቸና፣ በሞጣና በየጁቤ ያሉ ኢማሞችና ኡስታዞች ላለፉት 20 እና 25 ዓመታት ጽሑፎቻቸውን በየከተማው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ሲያስጽፉ ቆይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ በፍላሽና በአሮጌ ሲዲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያስጻፉት መምህራን አንዳንዶቹ በሕይወት የሉም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች የተቃጠሉ ጊዜ ደግሞ በአንድ ቤትና በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ጽሑፍ ምን ያህል ለጥፋት የተጋለጠ መሆኑን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ጽሑፍን በኮምፒዩተር ማስቀመጥ አማራጭ የሌለው ተግባር ሆኗል፤ ነገር ግን የተቀመጠው ጽሑፍ ከ30 ዓመት በኋላም እንዲነበብ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሞች የፊደልን ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚለዩ፣ ቁጥሩን እንዴት ወደ ቅርጽ እንደሚለውጡ፣ መምህራንና ኢማሞችም ምን ማድረግ እንደሚችሉ በቅደም ተከተል እናያለን።

1. ፊደል በፋይል ውስጥ ቁጥር ነው

ኮምፒዩተር ፊደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት የሚባለውን ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ፊደል የሚያደርገው ሰዎች የተስማሙበት ሰንጠረዥ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅበርቲ ነጋዴዎች ወደሚመላለሱበት ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ የሄደ ሰው «ዋጋው አሥር ነው» ቢባል፣ አሥር አሞሌ ይሁን አሥር ብር ካልጠየቀ የሰማው ነገር ትርጉም አይሰጠውም ነበር። ባይትም እንዲሁ ነው፤ 225 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

የመጀመሪያው ሰፊ ተቀባይነት ያገኘ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ ነው። 128 ቦታዎች ብቻ ያሉት ሲሆን የእንግሊዝኛን ፊደል፣ አኃዝና ሥርዐተ ነጥብ ይዟል። ከ128 እስከ 255 ያለው ቀሪ ቦታ ግን ባዶ ነበርና እያንዳንዱ አገርና ኩባንያ የራሱን ፊደል አሰፈረበት። የምዕራብ አውሮፓው የዊንዶውስ ሰንጠረዥ 1252፣ የዐረብኛው ደግሞ 1256 ተባለ። ዐለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ለዐረብኛ 8859-6 የተባለ ሌላ ሰንጠረዥ አወጣ። ስለዚህ 225 ቁጥር በ1252 ሲነበብ ከላዩ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ይሆናል፤ በ1256 ሲነበብ ደግሞ የዐረብኛው ላም ይሆናል። ባይቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ንባቡ ነው።

2. ከዩኒኮድ በፊት የነበረው የአማርኛ ጽሕፈት

ዐረብኛ 28 ፊደላት ስላሉት በቀረው ቦታ መግባት ቻለ። የግእዝ ፊደል ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። 33ቱ የፊደል ቤቶች በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ሆሄያቱ፣ 20ዎቹ የግእዝ አኃዞችና ሥርዐተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ከ256ቱም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ 32 ቦታዎች ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍሥሐ አጥላውን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ መፍትሔ መሻት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ የተስፋፉት ፕሮግራሞች የተከተሉት ዋና ዘዴ ብልሃት የተሞላበት ነበር። የፊደሉን ቁጥር እንደ ላቲን ፊደል ይተዉትና በፎንቱ ውስጥ የላቲኑን ሥዕል አውጥተው የግእዙን ሥዕል ያስገባሉ። አንድ ፎንት ስለማይበቃም ሆሄያቱን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ፎንቶች ያከፋፍላሉ፤ ወይም አንዱን ሆሄ ከአካልና ከቅጥያ ገጣጥመው ይሠራሉ። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን አመዳደብ ስለተከተለ በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጠ» ሊሆን ይችል ነበር።

ይህ ዘዴ በጊዜው ባለውለታችን ነው፤ ያለ እርሱ የዚያ ዘመን የአማርኛ ኢስላማዊ ኪታቦች በኮምፒዩተር ባልተለቀሙ ነበር። ሆኖም ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን የሚያውቀው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ሲሄድ ቁጥሮቹ ወደ ተፈጥሯዊ ንባባቸው ይመለሳሉ፤ እርሱም ላቲን ነው። ጽሑፉ ከወርድ ወደ ኖትፓድ ተገልብጦ ከተለጠፈ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ኖትፓድ የፎንትን ስም በፋይሉ ውስጥ አያስቀምጥምና የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረው ብቸኛ ምስክር ይጠፋል። በሐዲስ ሊቃውንት ቋንቋ ብንናገር መትኑ ቀርቶ ኢስናዱ ተቆርጧል።

በቁርኣን ጽሕፈትም ተመሳሳይ ዘዴ መኖሩን ኢማሞች ልብ ሊሉት ይገባል። በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፈህድ የቁርኣን ማተሚያ ማእከል ባለ 604 ገጹን ሙስሐፍ የጽሕፈት ውበቱን እንደጠበቀ በኮምፒዩተር ለማቅረብ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ፎንት የመደበበት ሥራ አለው፤ በፎንቱ ውስጥ አንድ ቦታ የሚወክለው አንድን ፊደል ሳይሆን አንድን ሙሉ ቃል ነው። በሙስሐፉ ፕሮግራም ውስጥ ሲታይ እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ከዚያ ተገልብጦ ወደ ሌላ ጽሑፍ የተለጠፈ አያህ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሌላ ገጽ ፎንት ከተሰጠው ደግሞ ፍጹም ሌሎች የቁርኣን ቃላት ሆነው ሊነበቡ ይችላሉ፤ ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ያስፈራል፤ ስሕተቱ ስሕተት አይመስልምና።

3. ዩኒኮድና ዩቲኤፍ-8

ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሮ ለእያንዳንዱ የማይደገም ቁጥር የሰጠ ስምምነት ነው። ዐረብኛ ከመጀመሪያዎቹ እትሞች ጀምሮ ገብቶበታል፤ የግእዝ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ነበሩት። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 የተጨመሩት የጉራጊኛን፣ የጎጃም ጎረቤት የሆነውን የጉሙዝኛን፣ የጋሞኛንና የሌሎችንም ልዩ ሆሄያት አካትተው ጠቅላላውን 523 አድርሰውታል። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገርና በየትኛውም ፕሮግራም 4608 ነው፤ የዐረብኛው ዐይን 1593 ነው። ሁለቱ በአንድ ፋይል፣ በአንድ መስመር፣ ያለ ምንም የፎንት ብልሃት ጎን ለጎን መቆም ቻሉ። ለኢስላማዊ ጽሑፍ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው የሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና የሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ዛሬ ተንዚል በተባለው የቁርኣን ጽሑፍ ማእከል ከዐረብኛው ጋር በዩኒኮድ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን 4608 በአንድ ባይት አይገባም። ቁጥሩን በባይቶች የሚጽፍ ሥርዐት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ዋነኛው ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ ሥርዐት የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ የዐረብኛ ፊደል 2 ባይት፣ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሀ» ሲጻፍ 225፣ 136፣ 128 ይሆናል። የመጀመሪያው ባይት «ከእኔ ጋር ሦስት ነን» የሚል መልእክት ይዟል፤ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለባቸው። ይህ ጥብቅ ሥርዐት ቀጥለን ለምናየው የመለየት ሥራ መሠረት ነው።

4. ፕሮግራሙ ሰንጠረዡን እንዴት ይለያል?

ጽሑፍ ከፋች ፕሮግራም ያልታወቀ ፋይል ሲገጥመው በአብዛኛው አራት ደረጃዎችን ይከተላል።

አንደኛ፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ መለያ ምልክት መኖሩን ያያል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች 239፣ 187፣ 191 ከሆኑ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 ነው። 255 እና 254 ወይም በተቃራኒው 254 እና 255 ከሆኑ ደግሞ ዩቲኤፍ-16 የተባለው ሌላው የዩኒኮድ አጻጻፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ስለራሱ የሚናገር መሆኑን ይመለከታል። የድረ ገጽ ፋይሎች በራስጌያቸው የሰንጠረዡን ስም ይጽፋሉ። ይህ ምስክርነት የሚጸናው ጸሐፊው እውነቱን ከጻፈ ነው፤ በስም ዩቲኤፍ-8 ተብሎ በሌላ ሰንጠረዥ የተቀመጠ ፋይል ፕሮግራሙን ያሳስታል።

ሦስተኛ፣ ምስክር ካጣ ባይቶቹን ራሳቸውን ይመረምራል። ከ225 በኋላ በክልሉ ውስጥ ያሉ ሁለት ባይቶች በትክክል እየተከተሉ መሆናቸውን፣ ይህም ሥርዐት በፋይሉ ሁሉ ሳይፈርስ መዝለቁን ያረጋግጣል። በሌላ ሰንጠረዥ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይህን ፈተና በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ፈተናው በተግባር አስተማማኝ ነው።

አራተኛ፣ ይህም ካልሆነ ወደ ግምት ይሄዳል። የትኛው ባይት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቆጥሮ ከታወቁ ቋንቋዎች የፊደል ድግግሞሽ ጋር ያነጻጽራል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ የተዘጋጀበትን የአገር ሰንጠረዥ ይወስዳል። ግምት በአጭር ጽሑፍ ላይ ደካማ ነው። የቀድሞው ኖትፓድ አራት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት የያዘ የ18 ባይት ፋይልን ዩቲኤፍ-16 ነው ብሎ ገምቶ 9 የቻይንኛ ፊደላት አድርጎ ማሳየቱ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛና በዐረብኛ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ዐረብኛ 1256ንና 8859-6ን የመሰሉ የታወቁ ቀደምት ሰንጠረዦች ስላሉት ፕሮግራሙ ቢሳሳትም ተጠቃሚው ከዝርዝሩ መርጦ ሊያርመው ይችላል። የአማርኛ የቀድሞ ፎንቶች ግን በየትኛውም የተለመደ የመለያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለፕሮግራሙ እነዚያ ፋይሎች ትክክለኛ የላቲን ጽሑፎች ናቸው፤ ይታረም የሚለው ስሕተት አይታየውም። ስለዚህ የቀድሞ የአማርኛ ፋይል መፍትሔው ሰንጠረዥ መምረጥ ሳይሆን በፎንቱ አዘጋጅ አመዳደብ መሠረት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

5. ከቁጥር ወደ ቅርጽ

ሰንጠረዡ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ሥራ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሥዕል ከፎንት ይፈልጋል፤ በተመረጠው ፎንት ከሌለ ሌላ ፎንት ይሞክራል፤ ከሁሉም ካጣ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ለግእዝ ፊደል ሥራው በዚህ ያበቃል ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሆሄ ራሱን ችሎ የሚቆም ነውና።

ዐረብኛ ግን ተጨማሪ ሁለት ሥራ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ማያያዝ ነው። ዐይን በመነሻ፣ በመካከል፣ በመድረሻና ለብቻው ሲቆም አራት መልክ አለው፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ 1593 ነው። ቅርጹን የሚመርጠው ፕሮግራሙ ጎረቤቶቹን አይቶ ነው። ፈትሓ፣ ዶማና ከስራም የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው፣ ከፊደሉ ቀጥለው የሚጻፉና በላዩ ወይም በሥሩ የሚቀመጡ ናቸው። ይህን የማያውቅ የሥዕል ወይም የኅትመት ፕሮግራም ፊደላቱን ነጣጥሎ ያቆማቸዋል። በየመንገዱ በሚሰቀሉ ባነሮች ላይ ተበጣጥሶና ተገልብጦ የሚታየው ዐረብኛ መነሻው ይህ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። በፋይሉ ውስጥ ጽሑፉ የሚቀመጠው በሚነበብበት ቅደም ተከተል ነው፤ አማርኛውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ የሚዘረጋው ፕሮግራሙ ነው። ፊደላት የራሳቸው አቅጣጫ አላቸው፤ ቅንፍ፣ የላቲን ነጥብና ቃለ አጋኖ ግን ገለልተኛ ስለሆኑ አቅጣጫቸውን ከጎረቤት ይዋሳሉ። በዐረብኛ አያህ መጨረሻ ያለ ቅንፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። የግእዙ አራት ነጥብ (።) ግን በዩኒኮድ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ተብሎ ስለተመዘገበ ከዐረብኛ ቃል በኋላ ቢመጣም በቦታው ይጸናል። ብዙ ፕሮግራሞች የአንቀጹን አቅጣጫ ከመጀመሪያው ፊደል ስለሚወስዱ፣ በዐረብኛ ቃል የሚጀምር የአማርኛ አንቀጽ ሁለመናው ወደ ቀኝ ሊዞር ይችላል። አያህን ለብቻው በራሱ መስመር አስቀምጦ አቅጣጫውን ከቀኝ ወደ ግራ ማድረግ፣ የሱራውንና የአያውን ቁጥር ደግሞ በአማርኛው መስመር መጻፍ አብዛኛውን ችግር ያስቀራል።

6. ምልክቱን አይቶ ችግሩን መለየት

ከላይ ያልነው ሁሉ በተግባር የሚጠቅመው ስክሪን ላይ የሚታየውን አይቶ መንስኤውን ለመለየት ነው።

ባዶ ሣጥን ሲታይ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ፎንቱን መጫን ይበቃል። በነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ስም አጠገብ ሣጥን የሚታየው ብዙ ጊዜ ሙሉውን ሰላት በአንድ ቅርጽ የያዘው 65018 ቁጥር በፎንቱ ስለሌለ ነው። በፊደል መጻፉ የተሻለ ዋስትና አለው።

ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ ሲደጋገም ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 የሆነ አማርኛ ነው፤ በ1252 ተነቧል። በዐረብኛ በተዘጋጀ ኮምፒዩተር ደግሞ ያው አማርኛ በየሦስቱ የላም ፊደል እየተደጋገመ ይታያል። ጣእና ዟእ እየተፈራረቁ ከተደጋገሙ ዩቲኤፍ-8 ዐረብኛ በ1256 ተነቧል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ጽሑፉ ደኅና መሆኑን ያበስራሉ፤ ፕሮግራሙ በዩቲኤፍ-8 እንደገና እንዲከፍተው ማዘዝ ብቻ ያስፈልጋል።

ተራ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ያለ እንዲህ ዓይነት ድግግሞሽ ተዘበራርቀው ሲታዩ ጽሑፉ በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ የወርድ ከሆነ የፎንቱን ስም ማየትና መመዝገብ ይገባል፤ መፍቻው እርሱ ነው።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ሲደረደር ግን ነገሩ ከባድ ነው። ጽሑፉ ፊደሉን በማያውቅ ሰንጠረዥ ስለተቀመጠ እያንዳንዱ ሆሄ በአንድ ቁጥር፣ በ63፣ ተተክቷል። ከዚያ ፋይል የሚመለስ ነገር የለም፤ ሌላ ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የተዘበራረቀ ጽሑፍ ያየ ሰው ከሁሉ በፊት «አስቀምጥ» የሚለውን ከመጫን ይቆጠብ። በሌላ ሰንጠረዥ እንደገና ማንበብ ባይቱን አይነካም፤ ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ለውጦ ማስቀመጥ ግን ባይቱን ራሱን ይቀይራል። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ በጥንቃቄ ይለዩ።

አምስተኛው ችግር ለዐይን የማይታይ ነው። የዐረብኛው ያእ 1610፣ የፋርስኛው ያእ 1740 ነው፤ ካፍም በዐረብኛ 1603፣ በፋርስኛ 1705 ነው። በቃል ውስጥ ሲያያዙ መልካቸው ብዙ ጊዜ አንድ ስለሆነ በተሳሳተ ኪቦርድ የተጻፈ አያህ ትክክል መስሎ ይታያል፤ ሲፈለግ ግን አይገኝም። በአማርኛም «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»፣ «ዐረብ» እና «አረብ» ለኮምፒዩተሩ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ማስመሰልም ለፍለጋ እንቅፋት ነው።

7. ሙቃበላ በኮምፒዩተር ዘመን

ቀደምት ዑለማእ በነቁጥ መሳሳት የሚመጣውን የንባብ ስሕተት «ተስሒፍ» ብለው ሰይመው ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አድርገውታል። በ382 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ አሕመድ አል-ዐስከሪ በሐዲስ ዘጋቢዎች ላይ የደረሱትን እንዲህ ያሉ ስሕተቶች በመጽሐፍ ሰብስበዋል። መድኃኒቱም «ሙቃበላ» ነበር፤ የተገለበጠው ቅጂ ከተገለበጠበት ጋር ቃል በቃል ተነጻጽሮ ካልተነበበ አይታመንም። ይህ ልማድ ለዛሬው ሥራችን እንዳለ ይሠራል።

የመድረሳና የመስጊድ ጽሕፈት ቤቶች የሚከተሉትን ቢያከናውኑ ወጪ ሳያበዙ ብዙ ጽሑፍ ማትረፍ ይችላሉ። አዲስ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ በግልጽ ጽሑፍ የሚቀመጥ ከሆነም በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ያለው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ሳይታዘዝ በዚህ ሥርዐት ያስቀምጣል፤ የሚጠቀምበትን ሰንጠረዥም ከግርጌው ያሳያል። በጽሕፈት ቤት የሚያስጽፍ ሰው የሚረከበው ፋይል በዩኒኮድ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ፋይሉን በራሱ ስልክ ከፍቶ ሳያነብም አይረከብ። ስልኩ የቀድሞዎቹ ፎንቶች ስለማይኖሩት ይህ ቀላልና የማያሳስት ፈተና ነው።

የቀድሞ ፋይሎች ሳይነኩ እንዳሉ ይቀመጡ፤ የፎንቱ ስም፣ የጸሐፊውና ያስጻፈው ሰው ስም፣ የተጻፈበት ዓመት ከጎናቸው ይመዝገብ። ፎንቱ ያለበት ኮምፒዩተር እስካለ ድረስ በፒዲኤፍ ይቀየሩ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላልና ቢያንስ መልኩ ይተርፋል። ወረቀት ላይም ይታተሙ። ከዚያ በኋላ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ የተቀየረው ቅጂ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከታተለ ከታተመው ጋር ይነጻጸር። መለወጫው በዲቃላ ሆሄያት፣ በአኃዝና በሥርዐተ ነጥብ ላይ ሊስት ስለሚችል በእነዚህ ላይ ዐይን ይበርታ። በአማርኛው መካከል የገባ ዐረብኛም በመለወጡ ሂደት እንዳልተነካ ይታይ።

የቁርኣን አያህ በእጅ አይተየብ፤ ከገጽ ፎንትም አይገለበጥ። ተንዚልን ከመሰለ በዩኒኮድ ከተዘጋጀና በጥንቃቄ ከተመረመረ ምንጭ ይወሰድ፤ ከተለጠፈም በኋላ ከሙስሐፍ ጋር ይነጻጸር። የመጨረሻው ዳኛ ምንጊዜም በሐፊዞች ልብ ያለውና በሙስሐፍ የተጻፈው ነው።

በመጨረሻም የአንድ አካባቢ መምህራን ለዐረብኛ ድምፆች በሚጠቀሙባቸው የአማርኛ ሆሄያት ላይ ይስማሙ። ሓእን በ«ሐ»፣ ኻእን በ«ኸ»፣ ዐይንን በ«ዐ» ለመጻፍ ከተወሰነ በሁሉም ጽሑፍ እንዲሁ ይሁን። በወሎ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ ዐጀሚ ጽሑፎችን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የሚተጉ ወገኖችም ተጨማሪ ነቁጥ ላላቸው ፊደላት የሚመርጡትን የዩኒኮድ ቁጥር በዝርዝር ጽፈው ከጽሑፉ ጋር ቢያኖሩ ለሚቀጥለው ትውልድ ንባቡን ያቀኑለታል።

ማጠቃለያ

በፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ የቁጥር ተራ ነው፤ ንባቡን የሚሰጠው ሰንጠረዡ ነው። ፕሮግራሙ ሰንጠረዡን በምልክት፣ በምስክር ወይም በምርመራ ይለያል፤ እነዚህ ካልተሟሉ ይገምታል። ዩኒኮድና ዩቲኤፍ-8 ግምትን እጅግ ቀንሰዋል፤ ሆኖም ከእነርሱ በፊት የተጻፉት ፋይሎች ዛሬም በየመሳቢያችን አሉ፤ ፎንታቸውን የሚያውቁት የጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና ይዘታቸውን በቃላቸው የሚያርሙት መምህራን ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ሙቃበላ የሚቻለው ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ነው። ስለዚህ ክቡራን መምህራንና ኢማሞች በእጃቸው ያሉትን ፍላሾችና ሲዲዎች ከዚህ ዓመት ሳያሳልፉ እንዲከፍቱ፣ የሚነበበውን ከማይነበበው እንዲለዩ፣ የፎንቶቹንም ስም እንዲመዘግቡ አደራ እንላለን።